ግልባጭና አብነት፤ ሬምብራንት ራሱን ከሣለበት ሥዕል የተገኘ ትምህርት

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ጥንት ድልድዮች ወይም ስለ አገራችን የመንገድ ሥራ እጽፋለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ስለ ሁለት ትንንሽ ሥዕሎች መናገርን መርጫለሁ። ለመሐንዲሶች ማኅበር ይህ ምን ይረባል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ በትሕትና እለምናለሁ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከሁለቱ ሥዕሎች አንደኛው በሆላንድ አገር፣ በሄግ ከተማ፣ ማውሪትስሃውስ በሚባለው ቤተ መዘክር ይገኛል። ሁለተኛው በጀርመን አገር፣ በኑረምበርግ ከተማ፣ በጀርመን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ውስጥ ነው። ሁለቱም በእንጨት ገበታ ላይ በዘይት ቀለም የተሣሉ ሲሆኑ፣ ቁመታቸው 38 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ወጣት ነው። ወጣቱ በአንገቱ ዙሪያ የጦረኛ ብረት አጥልቋል። ብርሃን ከተመልካቹ በስተግራ መጥቶ የፊቱን ግማሽ ሲያበራ፣ ሌላው ግማሽ በጥላ ውስጥ ይቀራል። ይህ ወጣት ሠዓሊው ሬምብራንት ነው፤ ዘመኑ 1629 ገደማ፣ ዕድሜውም 23 ዓመት ያህል ነበር።

ከሁለቱ ሥዕሎች አንዱን ሬምብራንት ራሱ በመስተዋት ፊት ቆሞ ሣለው። ሌላውን ሌላ እጅ ከዚያ ላይ ገለበጠው። ታዲያ ዋናው የትኛው ነው? ግልባጩስ? ለረጅም ዘመን ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ እንዴት እንደ ተፈጠረና እንዴት እንደ ታረመ መመርመር፣ ሰው በመገልበጥ ምን ሊማር እንደሚችልና ምን ሊማር እንደማይችል ያሳያል።

ሬምብራንት በ1606 በላይደን ከተማ ከባለ ወፍጮ ቤተሰብ ተወለደ፤ በ1669 በአምስተርዳም ሞተ። በእነዚህ ዓመታት መካከል የራሱን ፊት አርባ ጊዜ ያህል በዘይት ቀለም ሥሏል፤ የነደፋቸውና በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ ያተማቸው ሲጨመሩ ቍጥሩ ከዚህ እጅግ ከፍ ይላል። ይህን ያደረገው ራሱን ከመውደድ የተነሣ ብቻ አልነበረም። በመስተዋት ውስጥ ያለው ሰው ክፍያ አይጠይቅም፤ ደከመኝ ብሎ አይነሣም፤ ሣቅ ሲሉት ይሥቃል፤ ተቈጣ ሲሉት ይቈጣል። ከዚህም ሌላ ገዢዎች የአንድ ዝነኛ ሠዓሊ ፊትና የእጁን ሥራ በአንድ ገበታ ላይ ማግኘትን ይወዱ ስለ ነበር፣ ሥዕሎቹ ገበያ ነበራቸው።

በዚያን ዘመን የሥዕል ትምህርት የሚሰጠው በጌታው የሥራ ቤት ውስጥ ነበር። ጄሪት ዳው በ1628 ወደ ሬምብራንት ሲገባ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ኢሳክ ደ ዩደርቪል ለየስድስት ወሩ ትምህርት 50 ጊልደር እንደ ከፈለ፣ ሬምብራንት የፈረመባቸው ደረሰኞች እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ። ሳንድራርት የተባለው የዘመኑ ሠዓሊና ጸሐፊም እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት 100 ጊልደር ይከፍል እንደ ነበር ጽፏል፤ ደረሰኙና ጽሑፉ እንግዲህ ይስማማሉ። ተማሪው መጀመሪያ ከታተሙ ሥዕሎችና ከንድፎች ይገለብጣል፤ ቀጥሎ የጌታውን የዘይት ሥዕሎች ይገለብጣል፤ በመጨረሻ ከሕያው ሰው ፊት ወደ መሣል ይሸጋገራል። የተማሪው ሥራ የጌታው ንብረት ስለ ነበር፣ ጌታው ሸጦ ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ስለዚህ መገልበጥ በዚያ ቤት ነውር አልነበረም፤ የትምህርቱ ግማሽ እርሱ ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ‹‹የአብነት ትምህርት ቤት›› ይባላል። አብነት ማለት ሌላው አይቶ የሚከተለው ምሳሌ ነው። ዜማ የሚማር ልጅ የመምህሩን ድምፅ ይከተላል፤ ብራና የሚጽፍም ከፊቱ ካለው መጽሐፍ ይቀዳል። በአብነትና በግልባጭ መካከል ያለው ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አብነት የሚከተሉት መንገድ ሲሆን፣ ግልባጭ በመንገዱ መጨረሻ ላይ የቆመ ቅርጽ ነው።

ሬምብራንት ራሱም አብነት ይከተል ነበር። በ1639 ጣሊያናዊው ራፋኤል የሣለው የባልዳሳሬ ካስቲልዮኔ ሥዕል በአምስተርዳም ለጨረታ ቀረበ። ሬምብራንት በቦታው ተገኝቶ ሥዕሉን በፍጥነት ነደፈው፤ በንድፉም ወረቀት ላይ የተሸጠበትን ዋጋ 3,500 ጊልደር ብሎ ጻፈበት። በዚያው ዓመት እርሱ የገዛው ሰፊ መኖሪያ ቤት 13,000 ጊልደር ያወጣ ስለ ነበር፣ አንዱ ሥዕል የቤቱን ዋጋ ሩብ ይበልጥ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1640፣ ራሱን ሲሥል የካስቲልዮኔን አቀማመጥና በአምስተርዳም ያየውን የቲሲያንን ሥራ አዋሕዶ፣ ክንዱን በመደገፊያ ላይ አሳርፎ ታየ። ይህ ሥዕል ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ይገኛል። ፊቱ የራፋኤል ሰው ፊት አይደለም፤ ልብሱም ብርሃኑም የተለየ ነው። ከጌቶቹ የወሰደው ሰው በገበታ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚወስነውን ሐሳብ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜው 34 ዓመት ነበር፤ ይህን የሚጽፈውም ሰው በዚያው ዕድሜ አካባቢ ስለሚገኝ ነገሩ ሳይነካው አላለፈም።

ወደ ሁለቱ ሥዕሎች ከመመለሳችን በፊት የዘይት ሥዕል እንዴት እንደሚገነባ በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። ይገነባል ያልሁት ሆን ብዬ ነው። በ1629 አካባቢ የሬምብራንት ገበታ የባሉጥ እንጨት ነበር። በእንጨቱ ላይ ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከእንስሳት ቆዳ ሙጫ የተሠራ ነጭ ሽፋን ይለበጣል፤ በዚያ ላይ ስስ የሆነ ቡናማ ቢጫ የዘይት ቀለም ይቀባል። ከዚያ ሠዓሊው በቡናማ ቀለምና በብሩሽ የብርሃኑንና የጥላውን ቦታ ያከፋፍላል። ሥራው በመሠረቱ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። ጥላው ስስ ሆኖ የሥሩን ቀለም ያሳያል፤ ብርሃኑ ግን በእርሳስ ነጭ ወፍሮ ይቆማል። መንገድ የሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ከአፈሩ በላይ ገረጋንቲ፣ ከገረጋንቲው በላይ ጠጠር፣ ከጠጠሩም በላይ አስፋልት እንደሚመጣ ሁሉ፣ እዚህም እያንዳንዱ ንጣፍ ከሥሩ ባለው ላይ ይተማመናል።

ቀለሙን የሚያያይዘው የተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ይጠነክራል፤ በዚህም የተነሣ በመድረቅ ላይ ሳለ ክብደቱ ይጨምራል። የእርሳስ ነጭ መድረቁን ሲያፋጥን፣ የአጥንት ከሰል ጥቁር ያዘገየዋል። ላይኛው ንጣፍ ከታችኛው ያነሰ ዘይት ኖሮት ቀድሞ ከደረቀ፣ ሥሩ ገና ሲንቀሳቀስ እርሱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሠዓሊዎች ከሥር የሰባ፣ ከላይ የከሳ ቀለም እንዳይኖር ይጠነቀቃሉ። እንግዲህ በተጠናቀቀ ሥዕል ላይ በአብዛኛው የሚታየው የመጨረሻው ንጣፍ ነው። የሚገለብጥ ሰው የሚያየው ይህን ነው፤ ሊማረው የሚገባው ግን ከሥር ያለውን ነው።

አሁን ወደ ሄግና ወደ ኑረምበርግ እንመለስ። የሄጉ ሥዕል በ1768 በሆላንዱ ልዑል ዊልያም አምስተኛ ተገዝቶ ከልዑሉ ስብስብ ጋር ወደ ማውሪትስሃውስ የገባ ነው። ፊቱ ለስላሳ፣ መስመሩ የተጣራ፣ አጨራረሱ እንከን የማይወጣለት ነው። የኑረምበርጉ በአንጻሩ የብሩሹ ዱካ በግልጽ ይታይበታል፤ ቦታ ቦታም የችኮላ ይመስላል። ሰውም ጥሩው የጌታው፣ ሻካራው የተማሪው ነው አለ። ይህ የተራ ሰው ፍርድ ብቻ አልነበረም። የሬምብራንትን ሥራዎች አንድ በአንድ ለመመርመር በ1968 የተቋቋመው የሆላንድ ሊቃውንት ቡድን በ1982 ባወጣው የመጀመሪያ ቅጹ፣ የሄጉን እውነተኛ፣ የኑረምበርጉን ግልባጭ ብሎ መዝግቦ ነበር።

በ1990ዎቹ ጥርጣሬው በረታ። ጥርጣሬውን ወደ ማስረጃ የለወጠው ግን የፊዚክስ ሰዎች የሠሩት መሣሪያ ነው። ቫን አስፐረን ደ ቡር የተባለው ሆላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ጨረር የሚቀበል ካሜራ ሥዕሎችን ለመመርመር እንዲውል አድርጎ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ብዙዎቹ ቀለሞች ይህን ጨረር ያሳልፉታል፤ ከሥር ያለው ነጭ ሽፋን ያንጸባርቀዋል፤ በካርቦን የተሠመረ መስመር ግን ይውጠዋል። ስለዚህ በቀለሙ ሥር የተደበቀ ንድፍ ቢኖር ጥቁር ሆኖ ይታያል። የሄጉ ሥዕል በዚህ መንገድ ሲመረመር፣ ከሥሩ የፊቱን ቅርጽ በጥንቃቄ የተከተለ የመስመር ንድፍ ወጣ። እንዲህ ያለ ንድፍ የሬምብራንት ልማድ አልነበረም። እርሱ ቅርጹን የሚፈልገው በብሩሽ፣ በቀለሙ ውስጥ ነበር። በ1999 በሄግና በለንደን ለታየው የሬምብራንት የራስ ሥዕሎች ትርኢት ዝግጅት ሲደረግ ነገሩ ተለየ፤ የኑረምበርጉ ዋና፣ የሄጉ ደግሞ በሥራ ቤቱ ውስጥ የተሠራ ግልባጭ መሆኑ ታመነበት። ያው የሊቃውንት ቡድንም የራስ ሥዕሎቹን በሚመለከተው በ2005 በወጣው ቅጹ የቀድሞ ፍርዱን አቃና።

ይህ ንድፍ ለምን ያህል ነገር ምስክር እንደ ሆነ እናስተውል። ሬምብራንት በመስተዋት ፊት ሲቆም የት እንደሚደርስ አስቀድሞ አያውቅም ነበር፤ ጥላውን ጥሎ፣ ብርሃኑን አንሥቶ፣ ያልሆነውን ሽሮ ፊቱን አገኘው። ተማሪው ግን መድረሻውን በፊቱ ተሰቅሎ ያየው ነበር። ስለዚህ ድንበሩን መጀመሪያ አሠመረ፤ ቀጥሎ በድንበሩ ውስጥ ቀለም ሞላ። ሥራው የጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ፍለጋ ስላልነበረበት የፍለጋ ጠባሳ የለውም። ሁለት መቶ ዓመት በላይ የተመሰገነው ጥራት፣ ሲመረመር፣ የግልባጩ ምልክት ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ተማሪውን መናቅ አይገባም። እጁ እጅግ የሠለጠነ ነበር፤ ሲገለብጥም ብዙ እንደ ተማረ አያጠራጥርም። የሬምብራንት ተማሪ የነበረው ሆኽስትራተን በ1678 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በወጣትነቱ ጥያቄ አብዝቶ ጌታውን ባስቸገረ ጊዜ፣ ሬምብራንት አስቀድሞ የሚያውቀውን በሥራ እንዲያውል፣ የተሰወረውም በጊዜው እንደሚገለጥለት እንደ መለሰለት ይተርካል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1769፣ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆሹዋ ሬይኖልድስ ለተማሪዎቹ ባደረገው ንግግር የነገሩን ሌላ ወገን አሳይቷል። ሙሉ ሥዕል እየገለበጡ መዋል ሰው ሳያስብ የሠራ የሚመስልበት አታላይ ትጋት ነው ብሎ አስጠነቀቀ፤ ይልቁንም ተማሪው የጌታውን ሐሳብ ወስዶ የራሱን ተወዳዳሪ ሥዕል ይሣልና ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ይመልከት አለ። በፓሪስ የሉቭር ቤተ መዘክር ደግሞ ገልባጮች የሚሠሩት ሥዕል ከዋናው በአንድ አምስተኛ እንዲያንስ ወይም እንዲበልጥ ደንብ ያዛል። ትምህርቱ ተፈቅዷል፤ ማታለሉ ግን ተከልክሏል።

እኔም ይህን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከሥራ መልስ፣ ከአንድ በዕድሜ ከገፉ የሥዕል መምህር ዘንድ እየሄድሁ የዘይት ሥዕል እማር ነበር። የሰጡኝ ሥራ የኑረምበርጉን ሥዕል ከታተመ ወረቀት ላይ መገልበጥ ነው። እኔም እንደ ሙያዬ ወረቀቱን በመስመር በአራት ማዕዘን ከፋፍዬ፣ እያንዳንዱን ነጥብ ለክቼ ወደ ሸራው አሸጋገርሁ። ልኩ በሚሊ ሜትር ተስማማ። ቀለሙን ስጨምርበት ግን ፊቱ እንደ ሸክላ ሆነ። መምህሩ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩት በኋላ፦

‹‹ገልብጠው›› አሉኝ።

‹‹እየገለበጥሁ እኮ ነው፣ ጋሼ›› አልኋቸው።

ሣቁና የታተመውን ወረቀት አንሥተው ቁልቁል ዘቅዝቀው ሰቀሉት። ‹‹አሁን ዓይን የለም፤ አፍንጫ የለም። ጥላውን ብቻ ተመልከት። ይህ ጥላ ሲቀባ ከሥሩ ምን ነበር? ከብርሃኑ ቀድሞ ነው የመጣው፣ በኋላ? እያንዳንዱን ቦታ ይህን ሳትጠይቅ ብሩሽ አታሳርፍ›› አሉኝ።

ያን ሸራ በአኳራጅ ጠርጌ እንደ ገና ጀመርሁ። ሁለተኛው ሥራዬ ከመጀመሪያው ይልቅ ከዋናው ይርቃል፤ አንድ ዓይኑም ከቦታው ዝቅ ብሏል። ይሁን እንጂ ፊቱ ሰው ይመስላል። ከዚያም በላይ፣ የት ላይ እንደ ተሳሳትሁና ለምን እንደ ተሳሳትሁ አውቃለሁ። ስለ መጀመሪያው ግን ምንም የምለው አልነበረኝም።

‹‹ከሥሩ ምን ነበር?›› የሚለው ጥያቄ ግን እንቅልፍ የነሣኝ በሥዕሉ ምክንያት አልነበረም። ገና ጀማሪ መሐንዲስ ሳለሁ በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ የካልቨርት ንድፍ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር። በኮምፒውተር ውስጥ ከሌላ ሥራ የተረፈ፣ ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ንድፍ አገኘሁ። መስመሩ ጥርት ያለ፣ ልኬቱ የተሟላ፣ ማስታወሻው የማይጎድል ነበር። ስሙንና ቀኑን ለውጬ አቀረብሁት። ንጹሕ ስለ ነበረ ማንም አልጠየቀኝም፤ ጸደቀ፤ ተሠራ። በሁለተኛው ክረምት ጎርፉ ቱቦው ከሚያሳልፈው በላይ ሆኖ በመንገዱ ላይ ፈሰሰና ድልድሉን ቆርጦ ወሰደው። በእግዚአብሔር ቸርነት የሰው ሕይወት አልጠፋም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ገበያተኛው ሸክሙን ከአህያ እያወረደ በጭቃው ውስጥ ተሻገረ፤ አንዲት እናት ጤፏን በጀርባዋ አዝላ ስትሻገር እኔ በወዲያኛው ዳር ቆሜ አይ ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ወደ እኔ ቀርበው፣ ሳይቈጡ፣ ‹‹ለምን 90 ሆነ?›› ብለው ጠየቁኝ። የመጀመሪያው ንድፍ ለየትኛው ተፋሰስ፣ ለምን ያህል ዝናብ፣ ለምን ዓይነት አፈር ተሰልቶ እንደ ነበር አላውቅም ነበር። የነበረኝ መልስ ‹‹ንድፉ ላይ እንዲያ ስለ ነበረ›› የሚል ብቻ ነበር። እኔ የሄጉን ሥዕል ሠርቼ ነበር ማለት ነው፤ ልዩነቱ፣ የዚያ ተማሪ ግልባጭ ማንንም ጭቃ ውስጥ አላስገባም።

ስለ ራስ ሥዕልና ስለ ምህንድስና በአንድነት ከተነሣ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1932 በአንኮበር ተወልደው፣ በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ዝንባሌያቸውን ያዩ መምህራን ስላበረታቷቸው ወደ ሥነ ጥበብ ዞረው በለንደን፣ በኋላም ስሌድ በተባለው ዕውቅ ትምህርት ቤት ተማሩ። በፍሎረንስ ከተማ የሚገኘው የኡፊትሲ ቤተ መዘክር፣ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የታላላቅ ሠዓሊዎችን የራስ ሥዕል የሚያሰባስብ ነው፤ ሬምብራንትም በዚያ አለ። እርሳቸው በ1981 ራሳቸውን የሣሉበት ሥዕል በዚያ ስብስብ ውስጥ ገብቷል። የአውሮፓን ጌቶች አሠራር ተምረው ሲያበቁ ለዚያ ቤት ያበረከቱት የጌቶቹን ፊት ሳይሆን የራሳቸውን ነበር። በ2012 ቢያርፉም ያ ፊት በፍሎረንስ ቀርቷል።

የማኅበራችን አባላት ሁላችን እንገለብጣለን። የአገር ሥራ ብዙ፣ ጊዜው አጭር፣ የተዘጋጀ ንድፍም በእጃችን ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ነገር ከመነሻው ፈጥሮ መሥራት አይቻልም፤ አይጠቅምምም። እኔ የምለው አትገልብጡ አይደለም። ከፊታችን ያለው የተጣራ መስመር ሲያስደስተን፣ ከሥሩ ያለውን ስሌት ፈልገን እናውጣ፤ ወጣቶች ባልደረቦቻችን ሥራቸውን ሲያመጡም ‹‹ቆንጆ ነው›› ብለን ከመፈረማችን በፊት ‹‹ለምን ይህ ሆነ?›› ብለን እንጠይቃቸው።

ያ በዓይኑ ዝቅ ብሎ የቀረው ሥዕል ዛሬ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል። አንድ ንድፍ ሊፈረምበት ወደ እኔ ሲመጣ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ከዚያም አስቀድሜ የተፋሰሱን ስሌት እጠይቃለሁ።